መኪናው ሲያላዝን

እንደምን ዋላችሁ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ድምፅ ነው። መኪናው ሲቆም የለም። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ላይ ቀስ ብሎ ይመጣል። 80 ላይ ያላዝናል። 95 ላይ ይጠፋል። መካኒክ ፊት ሲቀርብ ደግሞ ጭጭ። ሐኪም ቤት ደጃፍ ሲደርስ ትኩሳቱ እንደሚለቀው ልጅ ማለት ነው።

አሮጌ ፎር ዊል የያዘ ሰው ይህን ድምፅ ያውቀዋል። ስትስቁ ሳይ እናንተም የምታውቁት ይመስለኛል።

ከራሴ ስህተት ልጀምር። ሙያውን በጀመርኩ በጥቂት ዓመት ውስጥ አንድ ሰው መኪናውን አመጣልኝ። «ከኋላ ያላዝናል» አለኝ። እሱ እየነዳ እኔ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። እውነትም ከሥሬ ነው የሚመጣው። ቅንጣት አልተጠራጠርኩም። የኋላውን ዲፈረንሻል፣ ጉልበቱን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያካፍለውን የማርሽ ሳጥን፣ አወረድኩ። ዘንጎቹን ይዘው በቀላሉ የሚያዞሩትን ኩሽኔታዎች በሙሉ ቀየርኩ። ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ገጥሜ ወጣሁ። ያው ድምፅ፣ ያው ፍጥነት ላይ።

በመጨረሻ ምን ሆኖ ተገኘ? ጎማ። ሰውየው ከሁለት ወር በፊት ትልልቅ ጥርስ ያላቸው የጭቃ ጎማዎች ከኋላ አስገጥሞ ነበር። እሱ አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅሁትም። እየነዳን ሳለ «እስቲ እግርህን ከነዳጁ ላይ አንሳ» ብዬው ቢሆን ኖሮ ግን ሦስት ቀኑ በሦስት ሰከንድ ያልቅ ነበር። ለምን እንደሆነ እመለስበታለሁ።

ያኔ ያልገባኝ ነገር ይህ ነው። መኪና ውስጥ ጆሯችን ድምፅ ከየት እንደመጣ ሲነግረን ብዙ ጊዜ ይሸውደናል። ሻሲው፣ የመኪናው አጽም፣ ብረት ነው። ድምፅ በብረት ውስጥ ሩቅ ይሄዳል። ፊት የተነሣው ከኋላ ሊሰማ ይችላል። ከመሃል የተነሣው የትም ሊሰማ ይችላል። ስለዚህ «ከየት ነው?» የሚለውን ጥያቄ አቆዩት። መጀመሪያ የሚጠየቀው «ማንን ነው የሚከተለው?» ነው። ሞተሩን ነው? ጎማውን ነው? ወይስ የሾፌሩን እግር? ቦታው ይዋሻል፣ አካሄዱ ግን አይዋሽም።

ስለ ስሙም አንድ ነገር ልበል። ደንበኛ «ድምፅ አለው» ብሎ ሲመጣ እኔ «ምን ይላል?» እላለሁ። ቋንቋችን ለዚህ ሀብታም ነው፣ እንጠቀምበት። ያላዝናል ማለት አንድ ወጥ ቃና ያለው፣ ከፍጥነት ጋር እየቀጠነ የሚሄድ ማለት ነው። ያጉረመርማል ማለት ወፍራምና ሻካራ ነው። ይንቀጫቀጫል፣ ያፏጫል፣ ሲጥ ይላል፣ ይፋጫል፣ እያንዳንዱ ወደ ሌላ ቦታ ይወስዳል። የሚያላዝን ነገር ብዙ ጊዜ ጥርስ ነው፣ ማለትም ማርሽ ከማርሽ ጋር ሲነካካ። የሚያጉረመርም ደግሞ ብዙ ጊዜ ኩሽኔታ ነው። ብዙ ጊዜ አልኩ እንጂ ሁልጊዜ አላልኩም።

ለምን ጥርስ እንደሚያላዝን ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። ሒሳብ የማይወድ ይታገሠኝ፣ አጭር ነው። ዲያሜትሩ 79 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጎማ አንድ ጊዜ ሲዞር ወደ 2.5 ሜትር ይሄዳል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ማለት በሰከንድ 22 ሜትር ነው። ስለዚህ ጎማው በሰከንድ 9 ጊዜ ያህል ይዞራል። ዲፈረንሻሉ ውስጥ ትልቁ ማርሽ (ኮሮናው) 41 ጥርስ፣ ትንሹ (ፒኞኑ) 10 ጥርስ አለው እንበል። ጎማው አንዴ ሲዞር ፒኞኑና ከሱ ጋር የታሰረው ፕሮፔለር ሻፍት፣ ጉልበቱን ወደ ዲፈረንሻሉ የሚያደርሰው ረጅም ዘንግ፣ 4.1 ጊዜ ይዞራሉ። ያ በሰከንድ 37 ዙር ነው። የኮሮናው ጥርሶች ደግሞ በሰከንድ 9 ጊዜ 41፣ ማለትም ወደ 370 ጊዜ ከፒኞኑ ጋር ይገናኛሉ።

አሁን እነዚህን ሦስት ቁጥሮች ተመልከቷቸው። የሰው ጆሮ ከ20 በታች የሆነውን እንደ ድምፅ አይሰማውም። በሰከንድ 9 ጊዜ የሚመጣ ነገር ድምፅ አይደለም፣ መሪውንና ወንበሩን የሚያንቀጠቅጥ ነገር ነው። ባላንስ የሌለው ጎማ እንዲህ ያደርጋል። 37 ደግሞ በእግር ሥር የሚሰማ ወፍራም እምምም ነው። የተጣመመ ወይም ሚዛኑን የሳተ ፕሮፔለር ሻፍት እዚህ ነው። 370 ግን የሚያላዝን ነው። ሰው ሊያንጎራጉረው የሚችል ቃና ነው። ስልካችሁ ላይ የድምፅን ድግግሞሽ የሚለካ መተግበሪያ ማውረድ ይቻላል። 80 ላይ ጫፉ 370 አካባቢ፣ 40 ላይ ደግሞ 185 አካባቢ ካሳየ ጥርሶቹ ራሳቸው ተናገሩ ማለት ነው። የራሳችሁን መኪና የጎማ ልክና የጥርስ ቁጥር አስገቡና አስሉት። እኔ ይህን ዘዴ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ሰውን ለማሳመን ከብዙ ንግግር ይሻላል።

እሺ፣ ወደ ሥራው እንግባ። መጀመሪያ ሳትንቀሳቀሱ ጀምሩ። መኪናው ቆሞ፣ የእጅ ፍሬን ተይዞ፣ ማርሹ ኒውትራል ላይ ሆኖ ሞተሩን ከፍ ዝቅ አድርጉት። ድምፁ እዚያው ከመጣ ጎማና ዲፈረንሻል ነፃ ናቸው። ጉዳዩ ፊት ለፊት ነው። መሪውን ወደ አንድ ጎን አዙሩት። ማላዘኑ ከጨመረ የመሪው ፓምፕ ነው። ዘይቱ ጎድሎ ወይም አረፋ ሠርቶ ሊሆን ይችላል። ፍሪሲዮኑን ርገጡት። ሲረገጥ ድምፁ ከጠፋ የካምቢዮው፣ ማለትም የማርሽ ሳጥኑ፣ የመግቢያ ኩሽኔታ ይጠረጠራል። በተቃራኒው ሲረገጥ ብቻ የሚመጣ ከሆነ የፍሪሲዮኑ መልቀቂያ ኩሽኔታ ነው። ሁለቱን የሚያምታታ ሰው ብዙ ነው፣ ካምቢዮ የሚያስወርድ ስህተት ስለሆነ ቀስ በሉ።

ዲናሞ፣ የውሃ ፓምፕ፣ የቺንጋ መወጠሪያ፣ እነዚህን ለመለየት ረጅም ካቻቢቴ ይበቃል። ጫፉን አካሉ ላይ፣ እጀታውን ጆሮ አጠገብ። የላላ ልብስና ረጅም ፀጉር ግን ከማራገቢያው ይራቅ። ሌላው መንገድ ቺንጋውን አውልቆ ሞተሩን ለጥቂት ሰከንድ ማስነሣት ነው። ድምፁ ከጠፋ ቺንጋው ከሚያዞራቸው ነገሮች አንዱ ነው። ለጥቂት ሰከንድ ያልኩት የውሃ ፓምፑ አብሮ ስለሚቆም ነው። ሬዲዮ ሲከፈት ብቻ የሚሰማ፣ ከሞተሩ ጋር የሚወጣና የሚወርድ ቀጭን ጩኸት ደግሞ የኤሌክትሪክ ነገር ነው። ሬዲዮውን ዝጉት፣ ይጠፋል። በዚህ ምክንያት ሞተር ሊያስከፍት የመጣ ሰው አይቻለሁ።

ቆሞ ካልመጣ መንገድ እንውጣ። ዋናው ፈተና እዚህ ነው። ጭር ያለ፣ ቀጥ ያለና ለስላሳ መንገድ ፈልጉ። አንዱ ይንዳ፣ ሌላው ይስማ። መስኮት ዝጉ። ድምፁ የሚመጣበት ፍጥነት ላይ ድረሱና አራት ነገር አድርጉ። ነዳጅ ስጡ። ፍጥነቱን እኩል ያዙ። እግራችሁን አንሱ። በመጨረሻ ማርሹን ኒውትራል አድርጉና ልቀቁት። ሞተሩን ግን በጭራሽ አታጥፉ። ሞተር ሲጠፋ ፍሬኑ ይደነድናል፣ መሪውም ሊቆለፍ ይችላል።

እግራችሁን ስታነሡ ድምፁ ምንም ካልተለወጠ፣ የእኔ ሦስት ቀን የቀለጠው እዚህ ላይ ነው፣ ጎማ ወይም የጎማ ኩሽኔታ ነው። ጎማ ሾፌሩ ነዳጅ ሰጠ አልሰጠ ደንታ የለውም። ፍጥነቱ ብቻ ነው የሚገደው። ሁለቱን መለየት አያስቸግርም። መንገዱ ከሻካራ አስፋልት ወደ ለስላሳ ሲቀየር ድምፁም ከተቀየረ ጎማ ነው። የፊትና የኋላ ጎማዎችን አቀያይሩ፣ ድምፁ አብሮ ከሄደ አለቀ። መንገዱ ሲለወጥ ካልተለወጠ፣ ነገር ግን መኪናውን በዝግታ ግራና ቀኝ ስታወዛውዙት ከፍ ዝቅ ካለ ኩሽኔታ ነው። ወደ ግራ ስትታጠፉ ክብደቱ ወደ ቀኝ ጎማ ይሄዳል። ስለዚህ ወደ ግራ ሲታጠፍ የሚብስ ከሆነ ቀኙን ጠርጥሩ።

እግር ሲነሣ ድምፁ ከተለወጠ ግን ጥርስ ውስጥ ገባን። ነዳጅ ስትሰጡ ፒኞኑ ኮሮናውን ይገፋል። ስትለቁ ኮሮናው ፒኞኑን ይገፋል። የሚነካካው የጥርሱ ፊት ይገለበጣል። ሲሰጥ ብቻ የሚያላዝን ብዙ ጊዜ የሚገፋው የጥርስ ፊት አልቆ ወይም አገጣጠሙ ስቶ ነው። ሲለቀቅ ብቻ የሚያላዝን ደግሞ ብዙ ጊዜ የፒኞኑ ኩሽኔታ ላልቶ ነው። ታዲያ «ላላ» ሲባል ቶሎ ቁልፍ ይዞ የፒኞኑን ዳዶ የሚያጠብቅ ሰው አለ። ተዉ! ብዙዎቹ ውስጥ በልክ እንዲጨፈለቅ የተሠራ ቀለበት አለ። ዝም ብሎ ሲጠበቅ ከልኩ በላይ ይጨፈለቃል፣ ኩሽኔታው ይታነቃል፣ ትናንት የሚያላዝነው ዛሬ ይቃጠላል። ኮሮናና ፒኞን ደግሞ ተጋብተው የተሠሩ ናቸው። አንዱን ብቻ ቀይሮ ሌላውን መተው ማላዘኑን በሌላ ማላዘን መለወጥ ነው።

ካምቢዮውን ከዲፈረንሻሉ እንዴት እንለያለን? ይህን ፈተና በጣም እወደዋለሁ። በ60 በአምስተኛ ማርሽ ሂዱና ድምፁን ያዙት። ከዚያ በዚያው 60 ወደ አራተኛ፣ ቀጥሎ ወደ ሦስተኛ ውረዱ። የጎማው ፍጥነት ያው ነው፣ የሞተሩ ግን ጨምሯል። የድምፁ ቃና ከሞተሩ ጋር ከቀጠነ ምንጩ ሞተሩ ወይም የካምቢዮው የፊት ክፍል ነው። ቃናው ካልተነቃነቀ ከካምቢዮው በኋላ ያለ ነገር ነው። ሌላም አለ። በብዙ አሮጌ ፎር ዊሎች አራተኛ ማርሽ ቀጥታ ነው። ጉልበቱ ካምቢዮው ውስጥ ባለው በታችኛው ዘንግ ሳይዞር ቀጥ ብሎ ያልፋል። በሁሉም ማርሽ አላዝኖ አራተኛ ላይ ጸጥ ካለ የታችኛው ዘንግ ኩሽኔታዎች ናቸው። በአንድ ማርሽ ብቻ ከሆነ የዚያው ማርሽ ጥርስ ነው። የኋላ ማርሽ ቢያላዝን ግን አትደንግጡ። ጥርሶቹ ብዙ ጊዜ ቀጥ ብለው የተቆረጡ ስለሆኑ ከፋብሪካ ጀምሮ ያላዝናል።

አሁን ፎር ዊልን ከሌላ መኪና የሚለየው ላይ ደረስን። ሁለት ዲፈረንሻል፣ ሁለት ፕሮፔለር ሻፍት፣ ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ የሚያከፋፍል አንድ ትራንስፈር። ተጠርጣሪው በዛ። ጥሩው ነገር ደግሞ እነዚህን አንድ በአንድ ከጨዋታ ማስወጣት መቻሉ ነው። የፊት ጎማዎቹ መሃል ላይ በእጅ የሚቆለፍ ሃብ፣ ጎማውን ከዘንጉ ጋር የሚያያይዝና የሚለይ ቁልፍ፣ ካላችሁ ዕድለኛ ናችሁ። ትራንስፈሩ በሁለት ጎማ ላይ እንዳለ ሃቦቹን ክፍት አድርጉና ንዱ። ከዚያ ውረዱና ሁለቱንም ቆልፉ፣ ትራንስፈሩን ሳትነኩ በዚያው መንገድ፣ በዚያው ፍጥነት ተመለሱ። በሁለተኛው ጊዜ የፊት ዲፈረንሻሉና የፊት ሻፍቱ አብረው ይዞራሉ። ድምፁ የመጣው ያኔ ከሆነ ከፊት ነው። ተቆልፎ አስፋልት ላይ መሄዱ ችግር የለውም፣ ትራንስፈሩ ካልገባ ፊቱን የሚጎትተው ራሱ ጎማው ነው። ግን መጀመሪያ ሃቡ እውነት እንደሚከፈት አረጋግጡ። በክሪክ አንሱትና ጎማውን በእጅ አዙሩት። ለዓመታት ያልተነካ ሃብ ውጪው «ክፍት» ብሎ ውስጡ ተቆልፎ ሊቀር ይችላል።

አራቱን ጎማ ማስገባት የሚፈልግ ፈተና ካለ ግን አስፋልት ላይ አታድርጉት። የመሃል ዲፈረንሻል በሌለው መኪና ፊትና ኋላ በመታጠፊያ ላይ እኩል መንገድ አይሄዱም። ውጥረቱ ማርሾቹ ላይ ያርፋል፣ የሌለ ድምፅ ይፈጥራል። አፈር ወይም ጠጠር ላይ ይሁን። አንዱን ሻፍት ፈትቶ መንዳትም የመካኒኮች ዘዴ ነው። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። በአንዳንድ አሮጌ ፎር ዊሎች የእጅ ፍሬኑ ያለው ጎማ ላይ ሳይሆን ከትራንስፈሩ በኋላ ነው። የኋላው ሻፍት ሲፈታ የእጅ ፍሬን አብሮ ሄደ። ጎማው ሥር ድንጋይ ሳይደረግ የተፈታ መኪና በሰው ላይ ይንሸራተታል።

የተነሣ መኪናም አለ። ጭቃ ለመሻገር ብሎ ሞላውን ያስረዘመ ሰው የሻፍቱን አንግል ይለውጣል። ያን ጊዜ በአንድ የሻፍት ዙር ሁለት ጊዜ የሚመጣ መርገብገብ ይፈጠራል። በቅድሙ ሒሳብ 80 ላይ 74 ይሆናል። ወፍራም ነው እንጂ አያላዝንም።

ብረት ከመፍታት በፊት ዘይት። ይህን ሁሉ ካወራሁ በኋላ የምትስቁብኝ ይመስለኛል፣ ነገር ግን ከማላዘኑ ውስጥ ብዙው ዘይት ጎድሎ የሚመጣ ነው። የዲፈረንሻሉን የመሙያ ቡሎን መጀመሪያ ፍቱ። የማፍሰሻውን አይደለም! የመሙያው ዝጎ እምቢ ቢልስ? ዘይቱን አፍስሳችሁ መሙያ ያጣችሁ ጊዜ መኪናው እዚያው ይቀራል። ሲከፈት ጣት አስገቡ። ዘይቱ ቀዳዳው ከንፈር ላይ መድረስ አለበት። የማፍሰሻ ቡሎኑ ማግኔት ካለው ጫፉን እዩት። እንደ ቅባት ያለ ግራጫ ጭቃ የዕድሜ ነው። በጥፍር የሚያዝ ስንጣሪ ወይም የጥርስ ስባሪ ግን ሌላ ታሪክ ነው። ዘይቱ ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቷል። የጋለ ዲፈረንሻል ወንዝ ውስጥ ሲገባ ድንገት ይበርዳል፣ ውስጡ ያለው አየር ይኮማተራል፣ በመተንፈሻው ወይም ዘይት እንዳይወጣ በሚይዘው ጎሚኒ በኩል ውሃ ይስባል። መተንፈሻው ከተደፈነ ደግሞ ተቃራኒው ነው፣ የጋለው አየር ዘይቱን በጎሚኒው ገፍቶ ያስወጣል። ጎሚኒ ቀይሮ መተንፈሻውን ያልጠረገ ሰው ከጥቂት ጊዜ በኋላ ያንኑ ሥራ ይደግማል።

በአንዳንድ ሞዴሎች በካምቢዮውና በትራንስፈሩ መካከል ያለው ጎሚኒ ሲያልቅ ዘይቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሸሻል። ካምቢዮው ደርቆ ያላዝናል፣ ትራንስፈሩ ከልኩ በላይ ይሞላል። ውጪ ላይ አንድ ጠብታ የለም። ሁለቱንም ሳይለኩ «ዘይት አልፈሰሰም» ማለት አይቻልም። ስታሞሉም አይነቱን ከመኪናው መመሪያ እዩ። ለዲፈረንሻል የሚሆነው ጂ ኤል 5 ዘይት በአንዳንድ አሮጌ ካምቢዮ ውስጥ ያሉትን የነሐስ ቀለበቶች ሊበላ ይችላል።

የቀሩትን በፍጥነት ልለፋቸው። ነዳጅ ሲሰጥ ብቻ እንደ ሳይረን የሚጮህ ቱርቦ አለ፣ የአየር ቱቦው መፈታቱን አስቀድማችሁ እዩ። ዳሽቦርዱ ውስጥ የሚያላዝን ከሆነና የፍጥነት ቀስቱ ከተወዛወዘ የፍጥነት መለኪያው ገመድ ደርቋል። በነፋስ ቀን የሚብስ ማፏጨት ደግሞ ጣሪያ ላይ ያለው የዕቃ መጫኛ ነው። ገመድ ጠምጥሙበትና ሞክሩት።

ከመውረዴ በፊት ከኋላ እጅ አይቻለሁ። አዎ፣ አንተ። ጥያቄው «የኔ ዲፈረንሻል ዓመት ሙሉ ያላዝናል፣ አልጨመረም፣ ልንዳው?» የሚል ነው።

ዘይቱ ልክ ከሆነ፣ ማግኔቱ ላይ ስንጣሪ ከሌለ፣ ረጅም መንገድ ከሄድክ በኋላ ከሌላው ዲፈረንሻል በጣም የማይግል ከሆነ፣ ንዳው። ብዙ ዓመት እያላዘኑ የሚኖሩ አሉ። በየወሩ በአንድ መንገድ፣ በአንድ ፍጥነት በስልክህ ቅዳውና አወዳድረው፣ ጆሮ ይለምዳል፣ ስልክ አይለምድም። ማላዘኑ ማጉረምረም ሲጨምርበት፣ ማርሽ ሲገባ ጓ ሲል፣ ፒኞኑ አጠገብ ዘይት ሲያንጠባጥብ ግን አቁመው። የፒኞን ኩሽኔታ በፍጥነት ላይ ሳለህ ታንቆ ከቆመ የኋላ ጎማዎችህ ይቆለፋሉ።

ያ የጭቃ ጎማ ያለው ሰውዬ? ጎማዎቹን አልቀየረም። ይወዳቸዋል። አንድ ቀን አብሬው ስሄድ ሬዲዮውን ከፍ አደረገ። «ድምፁን እንዳልሰማው ነው» አለኝ። እጄን ሰድጄ ዘጋሁበት።